ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ ባያጣፍጥም ከሰል ይቆጥባል

ሰሞኑን ጀርመን ያለችው እህቴ ደውላ ስናወራ «ሂተሩን አንድ ዲግሪ ቀነስነው፤ ሂሳቡ አልተቻለም» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ደጃፌ ላይ ካኑን አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው የካርቶን ማራገቢያ ይዤ፣ እርጥብ ከሰል አልያያዝ ብሎኝ ዓይኔ ያነባል። እሷም ነገሩ ገባትና አብራኝ ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጉዳዩ ከልቤ አልወጣ አለ። ለካ የእሷም የእኔም ጥያቄ አንድ ነው፦ ኪስ ሳይራቆት እንዴት ይሞቃል፣ እንዴት ይበሰላል? እሷ ግድግዳዋ ላይ የምታዞረው ቁልፍ አላት። እኛስ?

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኛም ቁልፍ አለን፤ በአግባቡ ከያዝነው ከእነሱ ቁልፍ የበለጠ ይቆጥባል። ግን ሁለት ነገር እንዳንዘነጋ። አንደኛ፣ ከሰል ለመቆጠብ ወይም ለመሞቅ ብለን ሕይወታችንን እንዳንከፍል። ሁለተኛ፣ እኛ የቆጠብነው ከሰል ኃላፊነት ላለባቸው ሰዎች ማምለጫ እንዳይሆን። (የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እሳታችን ለምን ተወደደ?

ኡምራኩባ በኖቬምበር 2020፣ ቱናይድባህ ደግሞ በጃንዋሪ 2021 ስደተኛ መቀበል ሲጀምሩ የብዙዎቻችን ሐሳብ ምግብና ሸራ ላይ ነበር። ማሽላውን፣ ምስሩን፣ ዘይቱን ተሰልፈን ተቀበልን። ማሽላ ግን ጥሬውን አይበላም። ዕርዳታ የሚባለው ነገር ድስቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከድስቱ በታች ያለው እሳት የኛ የራሳችን ጉዳይ ሆኖ ቀረ። አንዳንዱ ቤት ምድጃ ደረሰው፣ ለአንዳንዱም ነዳጅ ተሰጠው፤ ለአብዛኛው ግን መልሱ እንጨት ፍለጋ መውጣት ወይም ከተሰጠው ራሽን ላይ ቀንሶ ሸጦ ከሰል መግዛት ነው። ምስር ለማብሰል ምስር መሸጥ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ካምፕ ውስጥ የለም።

ከዚያ ላይ ጦርነቱ መጣ። ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ የሱዳን ገንዘብ ምን ላይ እንደደረሰ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። ጦርነቱ ሲጀምር አንድ ዶላር 600 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ በ2025 በጥቁር ገበያ ከ3,000 አለፈ። ገበያ ላይ የሚታየው ከሰል ደግሞ ድሮም ከሴናር፣ ከብሉ ናይልና ከዚሁ ከገዳሪፍ ደን የሚመጣ ነው። በጁን 2024 መጨረሻ ሲንጃ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትገባ ከሴናር ግዛት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ብዙው ወደ ገዳሪፍ መጣ። ሠራዊቱ በኖቬምበር 2024 ከተማዋን ቢያስመልስም የመንገዱ ኬላና የትራንስፖርቱ ዋጋ ወደ ድሮው አልተመለሰም። ከሰል የሚፈልገው ሰው በዛ፣ ከሰል የሚመጣበት መንገድ ጠበበ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስትቆርጥ ዩኤንኤችሲአርም የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ሠራተኛና ሥራ ቀነሱ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ከሚረሱት ነገሮች አንዱ ማገዶ ነው። የራሽን ቅነሳ በዜና ይወራል፤ የማገዶ እጦት ግን በዜና አይወራም፤ የሚታየው በሴቶቻችን ጀርባ ላይ ነው።

ፈረንጆቹ ምን አደረጉ?

በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ አውሮፓ ጋዝ አጠረው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ያኔ ለሕዝቡ ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ የቤት ማሞቂያን በአንድ ዲግሪ መቀነስ ነበር። እንደ ኤጀንሲው ስሌት የአውሮፓ ቤቶች በአማካይ ከ22 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ፤ አንዷን ዲግሪ መቀነስ ለማሞቂያ ከሚወጣው ኃይል 7 በመቶ ያህሉን ያድናል። ጀርመን በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር ጀምሮ የመንግሥት ቢሮዎች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ደነገገች። እህቴ ያን ጊዜ የለመደችውን ነው አሁንም የምታደርገው።

ምክሩን ስትፈቱት ሦስት ነገር ነው ያለው፦ ከሚያስፈልገው በላይ አታሙቅ፣ በማያስፈልግ ሰዓት አታሙቅ፣ ሰው በሌለበት ክፍል አታሙቅ። ልክ፣ ሰዓት፣ ቦታ። እነዚህን ሦስቱን ወደኛ ማንደጃ ስናመጣቸው ቁጠባው ከ7 በመቶ ያልፋል። ምክንያቱም የእነሱ ቤት ቀድሞውንም ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ድርብ ነው። የኛ እሳት ግን ሜዳ ላይ፣ ለነፋስ ተሰጥቶ ነው የሚነደው። ብዙ በሚባክንበት ቦታ ብዙ መቆጠብ ይቻላል።

ልክ፦ የፈላ ውሃ ከፈላ በላይ አይፈላም

እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ እኛ ነን የረሳነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ከሥሩ ምንም ያህል ከሰል ብትጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም። የጨመራችሁት ከሰል በሙሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ድስቱ እየተንደቀደቀ ስለሆነ ቶሎ የሚበስል ይመስለናል እንጂ ለስለስ ብሎ የሚፈላውም ድስት እኩል ያበስላል። ስለዚህ ወጡ ሲፈላ የመጀመሪያው ሥራ እሳቱን መቀነስ ነው፦ የካኑኑን የአየር በር ገርበብ ማድረግ፣ በር ከሌለው የነፋሱን ወገን በጡብ ወይም በቆርቆሮ መከለል፣ ፍሙን በቆንጥር አመድ መሸፈን። አመድ ቴርሞስታታችን ነው። ረመጥ አዳፍኖ ማሳደር እኮ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ክዳን ነው። ክዳን የሌለው ድስት ጣሪያ የሌለው ቤት ነው። የድስቱ ክዳን ከጠፋ ሳህን ወይም ትሪ ይበቃል።

ሦስተኛው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ባቄላም ሆነ ክክ ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ጠዋት የሚፈልገው እሳት በእጅጉ ይቀንሳል። ሌሊቱን ሙሉ በነፃ የሚሠራልን ውሃው ነው።

ሰዓት፦ እሳቱ ሳይጠፋ ሥራው ይለቅ

ራሴን አንድ ሳምንት ሙሉ ታዘብኩት። አብዛኛው ከሰሌ የሚያልቀው ወጥ ስሠራ አልነበረም፤ ወጡ ወርዶ እኔ ከጎረቤት ጋር ስጫወት፣ ፍሙ ለማንም ሳይሆን ሲነድ ነበር። ጠዋት አመድ ብቻ አገኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ተራ አወጣሁለት። መጀመሪያ ወጡ፣ ፍሙ ሲበርድ ጀበናው፣ መጨረሻ ላይ የመታጠቢያ ውሃው። ለቡና ተብሎ አዲስ ከሰል አይያያዝም። የተረፈውን ፍም ደግሞ በመቆንጠጫ አንስቼ የሚገጥም ክዳን ባለው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ አፍነዋለሁ፤ አየር ሲያጣ ይሞታል፣ በማግሥቱ ቶሎ የሚያያዝ ደረቅ ከሰል ሆኖ ይጠብቀኛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያልቅብኝ የነበረው ጆንያ ሦስተኛውን ሳምንት ነካ። ቆርቆሮው ውጭ፣ ከሣር ጎጆና ከሸራ ርቆ ነው የሚቀመጠው፤ ይህን አደራ።

ሌላም ዘዴ አለ። ምስሩን ወይም ባቄላውን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በደንብ አፍሉት፤ ክዳኑን ሳትከፍቱ ከእሳቱ አውርዳችሁ በጆንያ ከዚያም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ዙሪያውን ጭድ የጎዘጎዛችሁበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ውስጡ ያለው ሙቀት ስለማያመልጥ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ከሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በኋላ አውጥታችሁ አንዴ አፍልታችሁ ብሉት። እንደተጠቀለለ ማሳደር ግን አይሆንም፤ ለብ ያለ ምግብ ይበላሻል።

ቦታ፦ አንድ ምጣድ ለሦስት ቤት

የእንጀራን ነገር ታውቁታላችሁ። ምጣዱ እስኪሰማ የሚነደው እንጨት የመጀመሪያዋን እንጀራ እንኳ አያወጣም፤ እሷም ማሟሻ ናት። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ለአሥር እንጀራ ምጣድ ሲያሰማ ያንን ክፍያ ሦስት ጊዜ እንከፍላለን። ሦስት ጎረቤት ሊጡን ይዞ ተራ በተራ በአንድ በተሰማ ምጣድ ቢጋግር ግን ክፍያው አንዴ ነው። አገር ቤት ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት እሳት እንጫር ነበር። ያ ልማድ የመልካም ጉርብትና ብቻ ሳይሆን የማገዶ ቁጠባም ነበር። ካምፕ ውስጥ ከማን ጋር እንደምንጎራበት አልመረጥንም፤ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከሁመራ፣ አንዱ ከመተማ ነው። እሳት መጫር ግን ዘር አይጠይቅም።

ጉልቻውን መለወጥ

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ለሹመኛ የተተረተ ተረት ነው፤ ለማገዶ ግን አይሠራም። ሦስት ድንጋይ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱ በሦስት በኩል ያመልጣል። አገራችን ውስጥ በ1990ዎቹ የተስፋፋው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ፣ እሳቱን በመክበቡ ብቻ ለእንጀራ የሚወጣውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ላቀች የሚባለው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው የከሰል ማንደጃ ደግሞ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። እዚሁ ሱዳን ውስጥ ለዳርፉር ተፈናቃዮች ከ2005 ጀምሮ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች የነደፉት ምድጃ አለ። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት መጥቶ ማየት ነው፦ ሴቶቹ የሚያበስሉት አሲዳና ሙላህ መሆኑን፣ ድስታቸው ክብ መሆኑን፣ ነፋሱ ብርቱ መሆኑን። ምድጃውን በዚያ ልክ ሠሩት፤ እንጨቱንም ከሦስት ድንጋይ አንጻር በግማሽ ቀነሰ።

ከዚህ የምንማረው ምድጃ ለድስቱና ለምግቡ መስማማት እንዳለበት ነው። እንጀራ ለሚጋግር ቤት ለሩዝ ድስት የተሠራ ምድጃ ማደል ዋጋ የለውም፤ ገበያ ላይ ተሸጦ ያድራል። ሲሚንቶ ባይኖርም ጭቃ፣ ጭድና አመድ አቡክቶ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ፣ እንጨት የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ትቶ መሥራት በእጃችን ነው። አንድ ምሽት ይፈጃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌሊት፦ እዚህ ላይ ቁጠባም ብልሃትም የለም

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ገዳሪፍን በሙቀቷ ነው የምናውቃት፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ግን የሰሜኑ ነፋስ ሲነሳ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ለሸራ ቤት፣ መሬት ላይ ለተኛ ሕፃን ይህ ብርድ ነው። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ጣቢያ ላሉት ኤርትራውያን፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ሸራ ሥር ላሉት ወገኖቻችንማ ብርዱ ከዚህ በእጅጉ ይብሳል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ያኔ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተረፈውን ፍም በማንደጃ ይዞ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል።

ይህ ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። «ጭሱ ካለቀ፣ ከሰሉ ከቀላ ችግር የለውም» የሚባለው ስህተት ነው፤ የቀላው ፍምም የተዳፈነው ረመጥም ጋዙን ያወጣሉ። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ አያድንም። የተኛ ሰው ደግሞ አይነቃም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቀድመው ይጎዳሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ነው፤ በተለይ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳችንን አመመን ካሉ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አየር አውጡ፣ ከሰሉን አርቁ፣ የተሻለው ቢመስልም ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ጋዙ ባይገድል እንኳ ሣር ጎጆ ውስጥ አንዲት ፍንጣሪ ምን እንደምታደርግ አልነግራችሁም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቤቱን ትታችሁ ሰውን አሙቁ። ብርዱ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ መሬቱ ነው ሙቀታችንን የሚጠጣው። ከምንጣፉ ሥር ካርቶን፣ ባዶ ጆንያ፣ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ። ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ከመደረብ በፊት ከሥር አንድ ነገር ማንጠፍ ይጠቅማል። የሰሜኑን ወገን ቀዳዳ በጭቃ ወይም በሸራ ድፈኑ። ማታ በቀረው ፍም ውሃ አሙቃችሁ፣ የፈላ ሳይሆን ለእጅ የሚቻል ሲሆን፣ በጠርሙስ አድርጋችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ልጆቹ እግር ሥር አድርጉት። ራትን ሞቅ አድርጎ በልቶ አንድ ላይ ተጠጋግቶ መተኛት ከማንደጃ ይሻላል። እሳቱ ግን ውጭ ይደር።

ትልቁ ቁልፍ ማን እጅ ነው?

እስካሁን ያልኩት በሙሉ በእጃችን ያለው ቁልፍ ነው። ሌላ ቁልፍ ደግሞ አለ፤ እሱ እኛ ጋ አይደለም።

እንጨት ለመልቀም የሚወጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ርቀቱ በየዓመቱ ይጨምራል፣ መንገዱም ሰላም አይደለም። ከአካባቢው ገበሬ ጋር የምንጋጨውም በዚሁ ነው፤ «ዛፋችንን ጨረሳችሁ» ይሉናል። ቅሬታቸውን አልንቅም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን እላለሁ። ግን ታሪኩ ሙሉ ይሁን። የገዳሪፍ ሜዳ የተመነጠረው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። በትራክተር የሚታረሰው ትልቁ የማሽላ እርሻ ገደምባሊያ ላይ የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደኑ ለማሽላና ለሰሊጥ ቦታ ሲለቅ ኖሯል። ስደተኛው የመጣው ዛፍ ባለቀበት ምድር ላይ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን እኛና ገበሬው እርስ በርስ ከምንወራወረው፣ ለሁለታችንም የሚሆን ማገዶ አብረን ብንጠይቅ ይሻላል። ከመከር በኋላ ማሳ ላይ የሚቀረው የሰሊጥና የማሽላ አገዳ በስምምነት ወደ ምድጃ ቢመጣ ለምሳሌ ለሁለቱም ይበጃል።

ተቋማቱም ይህን አያጡትም። ዩኤንኤችሲአር ስደተኞች ማገዶና ኃይል ያለ አደጋ ስለሚያገኙበት መንገድ በ2014 ራሱን የቻለ ስትራቴጂ አውጥቷል። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪበያህ ካምፕ ውስጥ ጋያ የሚባለው የኢትዮጵያ ማኅበር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኤታኖል የሚሠሩ ምድጃዎችን ለስደተኛ ቤቶች አድርሷል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚባል ነገር አይደለም፤ ተሞክሯል። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ምድጃ ያለ ነዳጅ ጌጥ መሆኑ ነው፤ ሲጠየቅ ሁለቱም አብረው ይጠየቁ።

ስብሰባ ላይ የምትቀመጡ የዞን ተወካዮችና የሴቶች ኮሚቴ አባላት፣ ሦስት ነገር ይዛችሁ ግቡ። ራሽን ሲሰላ ማብሰያው አብሮ ይሰላ። ምድጃ ከመታደሉ በፊት እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ይሞክሩት። ሴቶች እንጨት ሲወጡ በቡድንና በጥበቃ የሚወጡበት ቀንና መንገድ ይወሰን። «እነሱ እኮ በራሳቸው እየቆጠቡ ነው» የሚል መልስ ከመጣ፣ ቁጠባችን ተርፎን እንዳልሆነ በጨዋ ደንብ ንገሯቸው።

እህቴ ትናንት ማታ እንደገና ደወለች። «ከሰሉ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «አንድ ዲግሪ ቀነስኩት» አልኳት። ቆርቆሮው ውጭ ነበር፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ማሽላው ተዘፍዝፏል። ነገ ተራው የጎረቤቴ ምጣድ ነው።